ሻርዳን ግዑዝ ነገሮችን መሣል ከማን ተማረ?

ነጭ ሸራ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የዘይት ቀለም ሥዕል መማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ካለፈው ዓመት ወዲህም ሐሳቤ ሁሉ ግዑዝ ነገሮችን ወደ መሣል፣ ማለትም በተለምዶ ስቲል ላይፍ ወደምንለው ዘርፍ አዘንብሏል። መምህራችን እያንዳንዳችን አንድ የቀድሞ ዘመን ሠዓሊ መርጠን ሕይወቱንና ተጽዕኖ ያሳደሩበትን ሰዎች አጥንተን እንድንጽፍ ስላዘዘን፣ እኔ ፈረንሳዊውን ዣን ሲሜዮን ሻርዳንን መረጥኩ። አንድ የመዳብ ድስት፣ አንድ ማሰሮና ሁለት ሽንኩርት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ሌላ ምንም ሳይጨምር፣ ሰውን ከሥዕሉ ፊት ለረጅም ጊዜ ማቆም የሚችል ሌላ ሠዓሊ ስለማላውቅ ነው።

የሕይወት ታሪኩን በቀላሉ ጻፍኩ፤ ያስቸገረኝ ተጽዕኖ የሚለው ክፍል ነው። ያገኘኋቸው አጫጭር ጽሑፎች ሁሉ «ከሆላንድና ከፍላንደርስ ሠዓሊዎች ተማረ» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል (ፍላንደርስ የዛሬዋ ቤልጅየም ክፍል ነው)። ነገር ግን ያስተማሩት ሁለት ሰዎች ፈረንሳውያን የታሪክ ሠዓሊዎች ነበሩ፤ እርሱም ዕድሜውን ሙሉ ከፓሪስና ከአካባቢዋ እምብዛም አልራቀም። ሮምን ሳያይ የአንድ ሠዓሊ ትምህርት ተሟላ በማይባልበት ዘመን ይህ ሰው ያንን ዐይን ከየት አመጣው? በጉዳዩ ላይ ያነበባችሁ ወይም ሥራዎቹን በቅርብ ያያችሁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የሥዕል ወዳጅ

ከመምህራኑ ይልቅ ከአባቱ ሥራ ብነሣ ይሻለኛል። (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ሻርዳን በኅዳር ወር 1699 ፓሪስ ውስጥ ሲወለድ አባቱ እንጨት ሠሪ ነበር፤ የታወቀውም በቢሊያርድ ጠረጴዛ ሥራ ሲሆን የንጉሡ ቤት ከደንበኞቹ አንዱ ነበር። የቢሊያርድ ጠረጴዛ ለዐይን የማይታይ ያህል እንኳ ካዘነበለ ዋጋ የለውም። የአባቱ ሙያ ሥዕል አስተማረው ማለቴ አይደለም። ሆኖም የሻርዳንን ድስቶች ስመለከት፣ ዕቃን ክብደትና መገጣጠሚያ ያለው፣ የሰው እጅ የሠራው ነገር አድርጎ የሚያይ ዐይን ያደገው በእንዲህ ያለ ቤት ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

የመጀመሪያ መምህሩ ፒየር ዣክ ካዝ የሃይማኖትና የታሪክ ሥዕል ሠዓሊ ነበር። በእርሱ ዘንድ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚውሉት የመምህሩን ንድፎች በመገልበጥ ስለነበረ፣ ሻርዳን ከዚያ ቤት ያተረፈው ጥቂት ነው። ዐይኑን የከፈተለት ኖኤል ኒኮላ ኩዋፔል ነው፤ እርሱም ያስተማረው በትምህርት ሳይሆን በአንድ ጠመንጃ ነው። የሻርዳን ወዳጅ የነበረው ኮሼን እንደተረከው፣ ኩዋፔል የአንድ አዳኝን መልክ ሲሥል ጠመንጃውን ወጣቱ ረዳቱ እንዲሥልለት ሰጠው። ልጁን ያስገረመው መምህሩ ጠመንጃውን ለማስቀመጥ የፈጀው ጊዜና ጥንቃቄ ነበር፤ ብርሃኑ በትክክል እስኪያርፍበት ድረስ ቦታውን እያስተካከለ ቆየ። እስከዚያ ቀን ሥዕል ከራስ የሚፈልቅ ነገር ይመስለው ለነበረ ተማሪ፣ አንድ ብረት ብርሃን የሚቀበልበትን ቦታ መፈለግ ራሱ የሥራው ግማሽ መሆኑን ማየት ትልቅ ነገር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የጥንቸሏ ታሪክ ለእርስዎ ጽሑፍ ዋናው ይመስለኛል። የሞተች ጥንቸል አግኝቶ ሊሥላት ሲነሣ፣ እውነተኛ አድርጎ ለመሣል ከፈለገ ከዚያ በፊት ያየውን ሥዕል ሁሉ፣ ሌሎች ሠዓሊዎች ጠጉርን የሚሥሉበትን ዘዴ ጭምር መርሳት እንዳለበት ለራሱ ነገረው፤ ጠጉሯ አንድ በአንድ እንዳይታየውም ራቅ አድርጎ አስቀመጣት። ከዚያም የሠራው በጅምላ የሚታየውን ቀለም፣ ክብነቱን፣ ብርሃኑንና ጥላውን ነው። ስለ አንድ ሠዓሊ ተጽዕኖ ሲጠየቅ ከማን ወሰደ እንላለን፤ ሻርዳን ግን መንገዱን ያገኘው ከሌሎች የወሰደውን ሆን ብሎ በማስቀመጥ ነው፤ በእኔ እምነት የጽሑፍዎ ማዕከል ይህ ቢሆን ይጠቅማል።

የቀረው ፈጥኖ ሄደ። በ1724 የቅዱስ ሉቃስ አካዳሚ ወደሚባለው የሠዓሊዎች ማኅበር ገባ፤ በ1728 ደግሞ ወጣት ሠዓሊዎች በዓመት አንድ ቀን ሥራቸውን ከቤት ውጭ በሚያሳዩበት በፕላስ ዶፊን አደባባይ ሥዕሎቹን ሰቀለ። ከእነርሱ አንዱ ሬይ የተባለው ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ ሆዱ ተቀዶ ከመንጠቆ ላይ የተንጠለጠለበት ሥዕል ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ንጉሣዊው የሥዕል አካዳሚ «የእንስሳትና የፍራፍሬ ሠዓሊ» በሚል ማዕረግ ተቀበለው። ማዕረጉን ልብ ይበሉ፤ በር ተከፈተለት፣ ነገር ግን የተሰጠው ወንበር ከሁሉ ዝቅ ያለው ነበር። አንድሬ ፌሊቢየን በ1667 በጻፈው ደረጃ መሠረት ታሪክን የሚሥል ከላይ፣ ግዑዝ ነገርን የሚሥል ከታች ነበርና።

ዐይነ ልቡና

ከላይ የጻፉት ወንድማችን ያሉት ትክክል ቢሆንም፣ ሆላንዶችንና ፍላንደርሶችን አቅልለው ያለፏቸው መስሎኛል፤ ኮሼን ራሱ የተረከው ሌላ ታሪክ በዚህ ነገር ላይ ይሟገታቸዋል። ሻርዳን ወደ አካዳሚው ለመግባት በተዘጋጀ ጊዜ፣ ዳኞቹ ሳያውቁ የሚሰጡትን አስተያየት ለመስማት ሥዕሎቹን በአንድ ክፍል ውስጥ እንደ ዘበት አስቀመጣቸው። ኒኮላ ደ ላርዢሊዬር አልፎ ሲሄድ አያቸውና የአንድ ጥሩ የፍላንደርስ ሠዓሊ ሥራ ናቸው ብሎ አደነቃቸው፤ እንዲያውም ለሻርዳን ከእንዲህ ያለ ሥራ መማር ጥሩ እንደሆነ መከረው። ሥዕሎቹ የራሱ የሻርዳን መሆናቸው ሲነገረው ሳቀ፤ ለመግባቱም ደገፈው።

የዚህ ታሪክ ክብደት በላርዢሊዬር ማንነት ላይ ነው። ሰውዬው ያደገውና ሥዕል የተማረው በአንትወርፕ ከተማ ስለነበር የፍላንደርስን ሥዕል ከእናት ቋንቋው ለይቶ አያየውም። እንዲህ ያለ ሰው ከተሳሳተ ምክንያት አለው። ያንን የዓሣ ሥዕል እንደገና ይመልከቱት፤ ከዓሣው ሥር በስተግራ ጀርባዋን ያጎበጠች አንዲት የድመት ግልገል በኦይስተር ቅርፊቶች ላይ ቆማለች፣ በስተቀኝ ማሰሮና የወጥ ቤት ዕቃ አለ፣ አንድ ቢላዋ ደግሞ እጀታው ከጠረጴዛው ጠርዝ ወጥቶ ወደ ተመልካቹ ዘልቋል። ድመትና ዓሣን አንድ ላይ መሣል የፍላንደርሶቹ ሠዓሊዎች የእነ ያን ፋይት ልማድ ነው፤ ከጠርዝ የወጣ ቢላዋ ደግሞ የጠረጴዛውን ጥልቀት ለማሳየት ሆላንዶች ደጋግመው የተጠቀሙበት ብልሃት ነው። የሆላንዱ ቪለም ካልፍም በ1640ዎቹ ፓሪስ ተቀምጦ በባልዲና በጎመን የተሞሉ ትንንሽ የወጥ ቤት ሥዕሎችን ሠርቷል። ስለዚህ እርስዎ «ከየት አየው?» ብለው የጠየቁት ነገር መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ሰሜን አገር ሳይሄድ የሰሜኑ ሥዕል በፓሪስ ሰብሳቢዎች ቤት ይጠብቀው ነበር።

የሚለያቸውን መካድ ግን አይቻልም። በሆላንዶቹ ጠረጴዛ ላይ ልጣጩ ተጠምዝዞ የሚወርድ ሎሚ፣ የተገለበጠ የብር ዋንጫ፣ አንዳንዴም ሰዓት ወይም የራስ ቅል ይኖራል፤ ሁሉም ስለ ሀብትና ስለ ሞት የሚናገሩት አንዳች ስብከት አላቸው። ሻርዳን ዋንጫውን ወስዶ ስብከቱን ተወው። የእርሱ የብር ዋንጫ ከአጠገቡ ያለውን ፍሬ ቀለም ከመቀበል በቀር ሌላ ሥራ የለውም።

የቀለም ገበታ

እኔ ሥዕል የምሠራ እንጂ የታሪክ ሰው ስላልሆንኩ፣ ክርክሩን ለእናንተ ትቼ ከሸራው ፊት የገጠመኝን ልናገር። ከዓመታት በፊት በ1760 አካባቢ የሣለውን፣ ዛሬ በፒትስበርግ የካርኔጊ ሙዚየም ያለውን የውኃ ብርጭቆና የቡና ማፍያ ሥዕል ለመገልበጥ ሞክሬ ነበር። ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ ስፋቱ 41 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በውስጡም ውኃ ያለበት ብርጭቆ፣ ጠቆር ያለ የቡና ማፍያ፣ ሦስት ነጭ ሽንኩርትና አንድ ቅጠል ብቻ አሉ። በሁለት ቀን የምጨርሰው መስሎኝ ጀመርኩ፤ በሦስተኛው ሳምንት ሸራውን ገልብጬ ወደ ግድግዳው አዞርኩት።

ስሕተቴ የእያንዳንዱን ነገር ዙሪያ መስመር በጥንቃቄ አውጥቼ ውስጡን መሙላቴ ነበር። ነጭ ሽንኩርቶቹ ከወረቀት የተቆረጡ መሰሉ። የመጀመሪያውን ሥዕል ጥሩ ፎቶ አስፍቼ ሳየው፣ ሻርዳን የሽንኩርቱን ጠርዝ በብዙ ቦታ ጨርሶ እንዳልሣለው አስተዋልኩ፤ በጥላ በኩል ያለው ጎን ከኋላው ቡናማ አየር ጋር ይቀላቀላል፣ በብርሃን በኩል ደግሞ አንድ ወፍራም የነጭ ቀለም ጭረት ብቻውን ቅርጹን ይሸከማል። የብርጭቆው ግልጽነትም የሚመጣው ከብርጭቆው አይደለም፤ ከኋላው ያለው መደብ በውኃው ውስጥ ሲያልፍ ትንሽ ይለወጣል፣ ከዚያ በአፉ ላይ ሁለት የብርሃን ነጥቦች ያርፋሉ። የቀረው የመደቡ ቀለም ነው። ፈላስፋው ዲድሮ በ1760ዎቹ በጻፋቸው የዐውደ ርእይ ሐተታዎች ይህንኑ ታዝቦ ነበር፤ ወደ ሸራው ሲጠጉ ሁሉም ይደበዝዛል፣ ይጠፋል፤ ራቅ ሲሉ ግን እንደገና ይሰበሰባል። በእኔ ቋንቋ ያ ጥንቸሏን ራቅ አድርጎ ያስቀመጠው ወጣት ከሠላሳ ዓመት በኋላም እዚያው ርቀት ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ነጭ ሸራ፣ ከሰዎቹ ስም ዝርዝር ጋር ዕቃዎቹንም ቢጽፉ ጥሩ ነው። ያ የመዳብ ድስት፣ ያ ሙቀጫና ዘነዘና፣ ያ የብር ዋንጫ በየሥዕሉ ይመላለሳሉ፤ እንደ ቤተሰብ ያውቃቸዋል። እጁም ዘገምተኛ ነበር፤ ዛሬ የሚታወቁት ሥዕሎቹ በሁለት መቶ ገደማ ቢቆጠሩ ከአምሳ ዓመት በላይ ለሠራ ሰው ጥቂት ናቸው። አንድን ድስት ያን ያህል ዘመን ያየ ሰው ከድስቱም ይማራል ባይ ነኝ።

ነጭ ሸራ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከጠበቅሁት በላይ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ በ1730ዎቹ መጀመሪያ ግዑዝ ነገሮችን ትቶ ወደ ሰዎች፣ ማለትም ልብስ ወደምታጥብ ሴት፣ የካርታ ቤት ወደሚሠራ ልጅ፣ ከማዕድ በፊት ወደሚጸልዩ ልጆች የዞረው ለምንድን ነው? ደግሞስ ለምን ተመለሰ?

የሥዕል ወዳጅ

እንደሚነገረው ምክንያቱ የወዳጅ ቀልድ ነው። የመልክ ሠዓሊው ዣክ አቬድ የአንድ ሥራ ክፍያ በቂ አይደለም ብሎ እንቢ ሲል ሻርዳን ተቀበል ይለዋል፤ አቬድም የሰው መልክ መሣል ቋሊማ እንደ መሣል ቀላል ቢሆን ኖሮ እቀበል ነበር ብሎ መለሰለት። ቀልዱ ሻርዳንን ወጋው ይባላል። እኔ ግን ከቀልዱ ይልቅ ሌላ ነገር አያለሁ፤ በ1731 ማርገሪት ሴንታርን አግብቶ ልጅ ወልዷል፣ ከግዑዝ ነገር የሚገኘው ገንዘብ ደግሞ አነስተኛ ነው። የሰው ትዕይንቶቹ በኅትመት እየተቀረጹ ለብዙ ቤት ደረሱ፤ በ1740ም ለንጉሥ ሉዊ 15ኛ ቀርቦ ሁለት ሥዕሎችን አበረከተለት፤ ከእነርሱ አንዱ የማዕድ ጸሎቱ ነው። ሚስቱ ግን ይህን ሳታይ በ1735 ሞታ ነበር።

ወደ ግዑዝ ነገሮች የተመለሰው ኑሮው ከተደላደለ በኋላ ነው። በ1744 ፍራንስዋዝ ማርገሪት ፑዤ የምትባል መበለት አገባ፤ በ1755 የአካዳሚው ገንዘብ ያዥ ሆነ፤ በ1757 ዛሬ ሙዚየም በሆነው በሉቭር ቤተ መንግሥት ውስጥ መኖሪያ ተሰጠው። የአካዳሚውን ዐውደ ርእይ ሥዕሎች የሚሰቅለውም እርሱ ነበር። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ከታችኛው ዘርፍ የመጣው ሰው የታሪክ ሠዓሊዎቹን ግዙፍ ሸራዎች የትኛው በየትኛው አጠገብ እንደሚቀመጥ በየጊዜው ይወስን ነበር፤ ጠመንጃን ከብርሃን ጋር ማስማማት የተማረ ሰው ለዚህ ሥራ ባይመረጥ ይገርመኝ ነበር።

ነገር ግን ያንን የደረጃ ሥርዓት ከልቡ ያልተወው መሆኑ በልጁ ይታወቃል። የራሱን ድስትና ማሰሮ ትቶ ልጁን ዣን ፒየርን የታሪክ ሠዓሊ ሊያደርገው ፈለገ፤ ልጁም በ1754 ወደ ሮም የሚያስልከውን ታላቁን ሽልማት አገኘ። አባቱ ያልሄደበትን መንገድ ሄደ፤ ከአባቱም በፊት ሞተ። ስለዚህ ሐዘን በሥዕሎቹ ውስጥ ምልክት የሚፈልጉ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔ እነርሱን አልከተልም፤ እንጆሪ እንጆሪ ነው።

ዐይነ ልቡና

በመጨረሻው እስማማለሁ። የዐይኑን ነገር ግን አትርሱት። በ1770ዎቹ ዐይኑ ታመመ፤ የዘይት ቀለም መሥሪያው እየጎዳው ነው ተብሎ ስለታሰበ ወደ ፓስቴል ዞረ፤ በዚያ ደረቅ ቀለም ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ የሣላቸው የራሱ መልኮች በሉቭር አሉ። በ1771 በሣለው መነጽር አድርጓል፤ በ1775 በሣለው ደግሞ ከመነጽሩ በላይ ብርሃን የሚከልል አረንጓዴ ጥላ በግንባሩ ላይ አስሯል። ብርሃንን ሲያስቀምጥ የኖረ ሰው ብርሃን ሲከለክል የሚታይበት ሥዕል ይህ ነው። ታኅሣሥ 6 ቀን 1779 ሲሞት የዘመኑ ፍላጎት ወደ ጥንታዊ ሮም ጀግኖች ዞሮ ስለነበር ሥዕሎቹ ከገበያ ተረስተው ነበር።

ያነሣው የሚቀጥለው ክፍለ ዘመን ነው። ሐኪምና ሰብሳቢ የነበረው ሉዊ ላ ካዝ በ1869 ስብስቡን ለሉቭር ሲያወርስ በውስጡ በርካታ የሻርዳን ሥዕሎች ነበሩ፤ ከእነርሱ አንዱ በ1763 የሣለው የብሪዮሽ ዳቦ ነው። በማግሥቱ ዓመት በ1870 ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማኔ የራሱን ብሪዮሽ ሣለ። ሠዓሊው ማቲስም ወጣት ሳለ ያንን የተንጠለጠለ ዓሣ በሉቭር ቆሞ ገልብጧል፤ ሱቲን በ1920ዎቹ የራሱን ሬይ ዓሣ ሠርቷል። በ1761 የሣለው ትንሽ የዱር እንጆሪ ቅርጫት ደግሞ በ2022 ፓሪስ ውስጥ ከ24 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሸጠ፤ የፈረንሳይ መንግሥት ከአገር እንዳይወጣ አግዶት፣ ሕዝቡም ገንዘብ አዋጥቶበት በ2024 ሉቭር ገባ። የታችኛው ዘርፍ ይህ ነው።

ነጭ ሸራ (ጠያቂ)

ጽሑፌን በኩዋፔል ጠመንጃ እጀምራለሁ፤ ላርዢሊዬርንም ከአንትወርፕ ትምህርቱ ጋር አስገባዋለሁ። የቀለም ገበታ፣ ዛሬ ጠዋት አንድ ነጭ ሽንኩርት ከጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ጫፍ አርቄ አስቀመጥኩት፤ ጠርዙ በጥላው በኩል እውነትም አይታይም።